በቴሌግራም የገዛሁት ማሽን ሌላ ሆኖ መጣ፤ ገንዘቤን ያስመለስኩት እንዲህ ነው

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ያዘዝኩት የኦቨርሎክ ማሽን (የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋ) ከማስታወቂያው የተለየ ሆኖ መጣብኝ። ገንዘቤን እስካስመልስ ድረስ ብዙ ተንከራትቻለሁ፤ ግን ተመልሶልኛል። ይህን የሰሙ ሰዎች "እንዴት አደረግሽ?" ይሉኛል። ብዙዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት ሻጩን ምን ብዬ እንዳስፈራራሁት ነው። አላስፈራራሁትም። ገንዘቤን ያስመለሰልኝ ሻጩ ሊክደው ያልቻለው ማስረጃ ነው። የማስረጃው ግማሽ ደግሞ የተሰበሰበው ክርክሩ ከመነሳቱ በፊት ነው። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

በፊት ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ኦፕሬተር ነበርኩ። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ (ምርትን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ለማስገባት ከሚፈቅደው ዕድል) ተጠቃሚነት ስትሰረዝ የአንዳንዱ ፋብሪካ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ከእኛም ብዙዎች ወጥተን በየቤታችን ስፌት ጀመርን። ፋብሪካ ውስጥ ስለ መብራት መስመር የሚያስበው መካኒኩ ነው። ቤት ውስጥ ስትሠሩ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። የእኔ ቆጣሪ ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ነው፤ 220 ቮልት። ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር) የሚፈልግ ሞተር፣ ማለትም የ380 ቮልት፣ እኔ ቤት ዋጋ የለውም። መስመር ለማስቀየር ማመልከትና መክፈል ያስፈልጋል፤ ያን ሁሉ ደግሞ ለአንድ ማሽን አይደረግም።

ሌላው የሞተሩ ዓይነት ነው። ክላች ሞተር ባትሰፉበትም አብርታችሁት እስካለ ድረስ ይዞራል፤ ይጮኻል፣ መብራትም ይበላል። ሰርቮ ሞተር ፔዳሉን ስትረግጡ ብቻ ነው የሚዞረው። ጎረቤት ተኝቶ ማታ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። በነሐሴ የተማሪ ዩኒፎርም ሲበዛ የምሠራው ማታ ስለሆነ ሰርቮ ካልሆነ አልፈልግም ነበር።

ማስታወቂያው ላይ "ሰርቮ፣ ሲንግል ፌዝ" የሚል ተጽፏል። ደውዬም ጠየቅኩ፤ "አዎ እህቴ፣ አታስቢ" አሉኝ። የስልክ ወሬ ግን ነገ የት ይገኛል? ስለዚህ ብር ከመላኬ በፊት ሁሉንም ነገር በአንድ መልእክት ጻፍኩላቸው፦

"አሁን በስልክ እንደተነጋገርነው፦ ባለ አራት ክር ኦቨርሎክ፣ ሰርቮ ሞተር፣ ሲንግል ፌዝ 220 ቮልት፣ ከጠረጴዛውና ከእግሩ ጋር። ዋጋ 48,000 ብር። ቅድሚያ 30,000፤ ቀሪው 18,000 ሐዋሳ ደርሶ ከፍቼ ካየሁ በኋላ። ትክክል ነው?"

"አዎ ትክክል" ብለው መለሱ። እነዚህ ሁለት ቃላት በኋላ ከጠበቃ በላይ ጠቅመውኛል። ፍሪጅም ግዙ፣ ስልክም፣ የሕፃን አልጋም፣ "አሁን በስልክ እንደተነጋገርነው" ብላችሁ ጻፉና መልስ ጠብቁ። መልስ መስጠት የማይፈልግ ሻጭ ገና ከመጀመሪያው ራሱን አሳየ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት የንግድ ፈቃዳቸውን ፎቶ ጠይቄ ነበር። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ የሚባል ድረ ገጽ አለው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ስታስገቡ ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ ታያላችሁ። በፈቃዱ ላይ ያለው ስምና ብር እንድልክበት የተነገረኝ የባንክ ሂሳብ ስም አንድ ነበር። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ነገሩ ቢበላሽ ማንን እንደምትጠይቁ የሚወስነው እሱ ነው። ሱቁ በአንድ ስም፣ ሂሳቡ በሌላ ሰው ስም ሲሆን "ብሩን እኔ አልተቀበልኩም" የሚል ክርክር ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን አንድ ነገር ልናገር። እኛ አገር "ኦንላይን ገበያ" የምንለው አብዛኛው ነገር ማስታወቂያ መለጠፊያ ነው። የቴሌግራም ቻናል በሉት የፌስቡክ ገጽ፣ ገንዘባችሁን ይዞ ዕቃው እስኪደርስ የሚጠብቅ መሃል ሰው የለም። ብሩ ከእናንተ ሂሳብ ቀጥታ ሻጩ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ተጭናችሁ ገንዘብ የምታስመልሱበት ቁልፍ የለም። ያለው ዋስትና እጃችሁ ላይ ያስቀራችሁት ቀሪ ክፍያና የያዛችሁት ማስረጃ ነው። "ሙሉውን ካልላክሽ አንጭንም" ሲሉኝ ያልተስማማሁት ለዚህ ነው። ሦስት ሱቅ እንዲህ ብሎ ቢመልሳችሁ አራተኛው ይስማማል፤ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ይስማማል።

ማሽኑ በጭነት መኪና መጣ። ጭነት ማራገፊያው ሄጄ ገና ገመዱ ሳይፈታ ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ። ማሸጊያውን፣ የተጻፈበትን ስም፣ የጭነት ደረሰኙን፣ ከዚያ ሲፈታ፣ ከዚያ ሞተሩን። አላቋረጥኩም። ቪዲዮ ከተቆራረጠ "በመሃል ቀየርሽው" ሊባል ይችላል።

እያንዳንዱ ሞተር ጎኑ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለው፤ ቮልቱና ፌዙ እዚያ ላይ ታትሟል። የመጣልኝ ሞተር ላይ 380 ቮልት፣ 3 ፌዝ ይላል። ክላች ሞተር ነው። ማስታወቂያውም "አዎ ትክክል" ያሉኝም ውሸት ሆኖ ተገኘ። አቅርቤ ፎቶ አነሳሁት። ጭነቱን የሚያስረክቡትን አባት "ጋሼ፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ" አልኳቸው። አነበቡት። በደረሰኙ ጀርባ ላይ "ሲከፈት ሞተሩ 380 ቮልት፣ 3 ፌዝ የሚል ሆኖ ተገኝቷል" ብዬ ጻፍኩና ፈረሙልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ሌላ ሰው ቢሆን "እኔ ምን አገባኝ" ይል ነበር።

ማሽኑን ሶኬት ላይ አልሰካሁትም። ይሄን አጥብቄ እናገራለሁ። የተለየ ዕቃ ከመጣላችሁ ለመሞከር ብላችሁ አትጠቀሙበት፣ ለጥገናም አትስጡት፣ ላስቲኩንም አትጣሉ። ከነካችሁት ወሬው "ያበላሸችው እሷ ናት" ወደሚል ይዞራል።

በዚያው ዕለት ማታ ለሻጩ ጻፍኩ። ፎቶውን፣ ቪዲዮውን፣ ከዚያ አጭር ጽሑፍ፦ "የተስማማነው ሲንግል ፌዝ ሰርቮ ነው። የመጣው ስሪ ፌዝ ክላች ነው። ዕቃውን አልተቀበልኩም። ወስዳችሁ 30,000 ብሬን መልሱ።" ሳይዘገዩ ማሳወቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢው ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን እንዳወቀ ለሻጩ ሳይዘገይ መንገር አለበት ይላል። ዝም ብሎ ቆይቶ የሚመጣ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል።

መልሶቻቸውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ለእናንተም የሚመጡት እነዚሁ ናቸው።

መጀመሪያ ለስላሳ ነበሩ። "እህቴ፣ እዚያው ኤሌክትሪሺያን ካፓሲተር ይግጠምልሽ፣ ይሠራል።" ጠይቄ ነበር፤ በካፓሲተር ማስነሳት ይቻላል፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል፤ ክላችነቱም አይቀየር። "የገዛሁት ለማስተካከል አይደለም" ብዬ መለስኩ። ቀጥሎ "የወጣ ዕቃ አይመለስም ብለን ለጥፈናል" አሉ። ይሄ አነጋገር ብዙ ሰው ያስፈራል። እኔ ግን ሐሳቤን ቀይሬ አይደለም የምመልሰው። ያዘዝኩት ዕቃ ጭራሽ አልመጣም። "የተለጠፈው የሸጣችሁልኝን ዕቃ ይመለከታል፤ የሸጣችሁልኝ ሰርቮ ነው፤ እሱ አልደረሰኝም" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ማስፈራሪያው መጣ። "ቀሪውን 18,000 ካልላክሽ እንከስሻለን።" ስምምነቱ "ከፍቼ ካየሁ በኋላ" የሚል ስለሆነ ያንን መልእክት መልሼ ላክሁላቸው። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። በመጨረሻ ዝም አሉ።

በዚህ ሁሉ መሃል አልተሳደብኩም። ንዴቱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ለዩኒፎርም ቀብድ የተቀበልኩባቸው ወላጆች በየቀኑ ይመጡ ነበር። ነገር ግን የምጽፈውን እያንዳንዱን ቃል አንድ ቀን ሌላ ሰው፣ ምናልባትም ዳኛ፣ እንደሚያነበው አስቤ ነው የጻፍኩት። ስድብ ያለበት ንግግር ሲታይ በዳይና ተበዳይ ይቀላቀላሉ።

ዝም ካሉ በኋላ ቻናላቸው ውስጥ ገብቼ ማስታወቂያውን አየሁት። "ሲንግል ፌዝ" የሚለው ጠፍቷል። ጽሑፉ ተስተካክሏል። ቴሌግራም ላይ ይህ ይቻላል፤ ቻናል ያለው ሰው የለጠፈውን መልሶ ማስተካከል ይችላል። ከዚህ የባሰም አለ። በግል የተጻጻፋችሁትን ሌላው ወገን ከእናንተም ስልክ ጭምር ማጥፋት ይችላል። "ሁሉም ቴሌግራሜ ላይ አለ" ብሎ መተማመን አይቻልም ማለት ነው።

እኔ ማስታወቂያውን ከመክፈሌ በፊት ወደ ሴቭድ ሜሴጅስ (ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የምታስቀምጡበት ቦታ) ፎርዋርድ አድርጌው ነበር። ዋናው ቢቀየርም ቢጠፋም ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ እንደነበረ ይቆያል። ስክሪንሻትም አንስቻለሁ፤ የቻናሉ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጌ። አንዳንድ ቻናል ፎርዋርድም ስክሪንሻትም ይከለክላል። እንዲያ ከሆነ በሌላ ሰው ስልክ የእናንተን ስልክ ፎቶ አንሱት። ኮምፒውተር ያለው ደግሞ በቴሌግራም ዴስክቶፕ ሙሉ ንግግሩን አውርዶ ማስቀመጥ ይችላል፤ እኔ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አስወርጄ አሳተምኩት። የሻጩን ስልክ ቁጥርም ጽፋችሁ ያዙ። የቴሌግራም ስም በደቂቃ ይቀየራል።

ባንክ ሄጄ ነበር። "ብሬን መልሱልኝ" ስል የነገሩኝ እውነቱን ነው፦ በፈቃዴ የላክሁትን ገንዘብ ተቀባዩ ካልፈቀደ ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ ከሰው ሂሳብ ላይ አያወርዱትም። መጀመሪያ ከፋኝ። ቆይቼ ሳስበው እኔም ሂሳብ ላይ ማንም መጥቶ እንዲያወርድ አልፈልግም። ባንኩ የጠቀመኝ በሌላ ነው። ዝውውሩን የሚያሳይ፣ በኤፍቲ የሚጀምረው የግብይት ቁጥር ያለበት፣ ማህተም የተመታበት ወረቀት ሰጡኝ። ስልክ ላይ ያለ ስክሪንሻት ሊጠረጠር ይችላል፤ ማህተም ያለበት ወረቀት አይጠረጠርም። በቴሌብር የከፈላችሁ የመጣላችሁን አጭር መልእክት አታጥፉ፤ የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ።

ወደ ከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ስሄድ ያነጋገሩኝ ሴትዮ ረጋ ያሉ ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ያልጠበቅሁትን ነው። "ማሽኑ ለቤትሽ ነው ወይስ ለሥራ?" ለሥራ እንደሆነ ነገርኳቸው። የሸማቾች ጥበቃ ያለበት አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው፤ ለማምረቻ ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን አይጨምርም ብለው አስረዱኝ። ለቤቱ የገዛ ሰው ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲደርሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ቴሌቪዥን፣ ምጣድ፣ ስልክ፣ ጫማ የገዛችሁ ይህን 15 ቀን አትርሱ። ሻጩ "ነገ፣ ከነገ ወዲያ" እያለ የሚያቆያችሁ ቀኑ እንዲያልፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት።

እኔ ግን የሥራ ዕቃ ስለገዛሁ የምቆመው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ነው። ይህን ቀድሜ ማወቄ ረድቶኛል። የማይመለከተኝን አዋጅ ጠቅሼ ብጽፍ የእነሱ ጠበቃ በአንድ መስመር ይጥለው ነበር። ደግሞም ሕጉ ደካማ አይደለም። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ የግድ በፊርማ መሆን የለበትም፤ በቃልም በመልእክትም የተደረገ ስምምነት ውል ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አያጣም ይላል። "ቴሌግራም ማስረጃ አይሆንም" የሚላችሁ ካለ እመኑኝ፣ ይህን አዋጅ አላነበበም።

ሴትየዋ ሌላም ነገር መከሩኝ። ፈቃዱ የተሰጠው አዲስ አበባ ስለሆነ አቤቱታው ሱቁ ባለበት ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢገባ እንደሚፈጥን፤ ከዚያ በፊት ግን ለሻጩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንድሰጥ። ይሄ ማስጠንቀቂያ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ላይ አለ። አንዱ ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ከመክሰስ በፊት "ፈጽም" ብሎ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በስልክ መቶ ጊዜ መደወል እሱን አይተካም።

ደብዳቤዬን እነሆ፤ የራሳችሁን እየተካችሁ ተጠቀሙበት፦

"ለ (የፈቃዱ ባለቤት ስም)። በ(ቀን) በቴሌግራም ባደረግነው ስምምነት ባለ አራት ክር ኦቨርሎክ ከሰርቮ ሞተር ጋር፣ ሲንግል ፌዝ 220 ቮልት፣ በ48,000 ብር ልትሸጡልኝ ተስማምተን 30,000 ብር በግብይት ቁጥር (…) ከፍያለሁ። በ(ቀን) የደረሰኝ ዕቃ ግን 380 ቮልት ስሪ ፌዝ ክላች ሞተር ያለው ነው። ይህንኑ በዚያው ቀን አሳውቄያለሁ። ዕቃው ሳይነካ በእጄ ይገኛል። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ዕቃውን ተረክባችሁ 30,000 ብሬንና የማጓጓዣ ወጪዬን እንድትመልሱ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ለሚመለከተው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ለፍርድ ቤት አመለክታለሁ። አባሪ፦ ማስታወቂያው፣ የስምምነት መልእክቱ፣ የባንክ ማስረጃ፣ የሞተሩ ፎቶ፣ የጭነት ደረሰኝ።"

ይኸው ነው። አንድ ገጽ አይሞላም። ስለ ድካሜ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አልጻፍኩም። ያ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የደብዳቤውን ጉልበት ይወስደዋል። ምን ተባባልን፣ ምን ከፈልኩ፣ ምን መጣ፣ ምን እፈልጋለሁ፣ እስከ መቼ። ከዚህ ሌላ አያስፈልግም።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ደብዳቤውን ሱቁ ድረስ ወሰደልኝ። የሱቁ ልጅ "አልፈርምም" አለው። አልተጨቃጨቀም፤ በአደራ ፖስታ ላከውና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ያዘ። ቅጂውን ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገባ። ለፍርድ ቤት ቢሆን ኖሮ ውክልና ያስፈልገው ነበር። ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ የውል ክርክር ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ሊቀርብ ይችላል። የእኔ ስምምነት ርክክቡ ሐዋሳ ነው ስለሚል እዚሁ መክሰስ እችል ነበር። በስምምነት መልእክታችሁ ውስጥ የመረከቢያውን ከተማ ስም የምትጽፉት ለዚህም ጭምር ነው።

ከዚያ በኋላ የደወለልኝ የሱቁ ባለቤት ራሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ሳወራ የነበረው ከተቀጣሪ ልጅ ጋር ኖሯል። ሰውየው "ደብዳቤሽ ነው ያሳወቀኝ፤ ልጁ ሰርቮ ሲያልቅበት ያለውን ጫነልሽ" አለኝ። አምኜዋለሁ። ብዙ ጊዜ መልስ የምታጡት ውሳኔ መስጠት የማይችል ሰው ጋር ስለምትነታረኩ ነው። በፈቃዱ ላይ ያለውን ስም መያዝ እዚህም ጠቀመኝ።

ባለቤቱ ሰርቮ ሲገባ እቀይርልሻለሁ ብሎ ነበር። መቼ እንደሚገባ ግን አያውቅም። ቀን የሌለው ቃል ስለሆነ ገንዘቤን መረጥኩ። ቀን ቆርጦ የሚቀይር ሻጭ ካጋጠማችሁ መቀየሩ አይከፋም፤ ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር በተመለሰላችሁ ብር ያንኑ ዕቃ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ከባዱ ክፍል ይሄኔ መጣ። እሱ "ማሽኑ ይምጣ፣ ብሩን እልካለሁ" ይላል። እኔ "ብሩ ይምጣ፣ ማሽኑን እጭናለሁ" እላለሁ። ሁለታችንም አንተማመንም፤ ሁለታችንም ልክ ነን። የተስማማነው እንዲህ ነው። ማሽኑን የምጭነው በሱቁ ስም ሳይሆን በአክስቴ ልጅ ስም ነው። እሱ ተቀብሎ ሱቁ ድረስ ይወስደዋል፤ ባለቤቱ እዚያው ፈትቶ ያየዋል፤ ካየ በኋላ ብሩን ያስተላልፋል፤ ብሩ ሲገባ የአክስቴ ልጅ ዕቃውን አስረክቦ ይወጣል። ስጭነውም እንደ መጣው አድርጌ በቪዲዮ ቀረጽኩት።

የአክስቴ ልጅ ከሱቁ ደወለ። "ልከናል እያሉ ነው፣ ስክሪንሻቱን አሳይተውኛል።" ጠብቅ አልኩት። ስክሪንሻት ማንም ሠርቶ ማሳየት ይችላል፤ ከባንክ የመጣ የሚመስል መልእክትም እንዲሁ። የራሴን ሂሳብ ከፍቼ ቀሪ ሂሳቡን አየሁ። ገብቷል። ያኔ "አስረክብ" አልኩት። "ገንዘቤን ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም" የሚለውን ወረቀትም የፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድማችሁ እንዳትፈርሙ።

የማጓጓዣውን ወጪ ተካፈልነው። የመመለሻውን እነሱ ቻሉ፤ የመጀመሪያውን እኔ። ልከራከርበት እችል ነበር፤ ነሐሴ እየገባ ስለነበር ተውኩት። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ሒሳብ ሥሩ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አድራሻ ላለው ሻጭ ነው። ብር ተቀብሎ ስልኩን የዘጋ፣ ብሎክ ያደረገ፣ ፈቃዱም የውሸት የሆነ ሰው ሲያጋጥም መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ጋር ውል ፈጽም ብሎ ደብዳቤ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። ያ አታላይነት ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስጠይቅ። ነገሩ እንደገባችሁ በዚያችው ሰዓት ባንካችሁ ጋር ደውሉ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127። የተጭበረበራችሁ መሆኑን አስመዝግቡ። ብሩ ወዲያው ባይመለስም ያመለከታችሁበት ሰዓት ይያዛል። ከዚያ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ። ሂሳቡም ሲም ካርዱም በሰው ስም የተመዘገበ ነው፤ እናንተ ባንክ ሄዳችሁ "የማን ነው?" ብትሉ አይነግሯችሁም፤ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ግን ይሰጣሉ። ጎረቤቴ ያለች ልጅ በቲክቶክ ጫማ አዝዛ ተበልታ "ለዚህች ብር ፖሊስ ጣቢያ?" ብላ ልትተወው ነበር። ሄዳ አመለከተች። ያንኑ የሂሳብ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሌላ ተበዳይ ሲኖር አቤቱታዎቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፤ የሁሉም ብር ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ዝም ካለ ግን ሰውየው ነገም ይለጥፋል።

እሷ ላይ የደረሰውን ሌላ ነገር ልጨምር። መበላቷን ፌስቡክ ላይ እንደጻፈች አንድ ሰው "ከባንክ ነኝ፣ ገንዘብሽን አስመልስልሻለሁ፣ የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ" ብሎ ደወለላት። ዘጋችበት። ባንክም ቴሌብርም የሚስጥር ቁጥር ደውለው አይጠይቁም፤ ገንዘብ ለማስመለስ ብሎ "አገልግሎት ክፍያ" ቀድሞ የሚጠይቅ ሰውም አትስሙ። የደወለበትን ቁጥር ጽፋ ከመጀመሪያው አቤቱታ ጋር እንዲያያዝላት ፖሊስ ጣቢያ ወስዳዋለች።